የመካከል ትእዛዝ ይግባኝ

የመካከል ትእዛዝ ይግባኝ ክርክሩ በፍርድ ሳያልቅ በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ለበላይ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ቅሬታ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ በመርህ ደረጃ አይፈቀድም።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 320 እንደሚለው፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ወይም ስለ ማስረጃ ተቀባይነት በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ወዲያው ይግባኝ አይባልም። ቅሬታው ከመጨረሻው ፍርድ ይግባኝ ጋር ይቀርባል። በየትእዛዙ ይግባኝ ቢፈቀድ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም ነበር።

ሆኖም ሕጉ ሦስት ሁኔታዎችን ለይቷል፦
* ሰው እንዲያዝ ወይም እንዲታሰር ሲታዘዝ
* ንብረት ከአንዱ ተከራካሪ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ሲታዘዝ
* አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ

ለምሳሌ በምሥራቅ ወለጋ፣ ሲሬ በሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት ሁለት ገበሬዎች በጥማድ በሬ ተካሰሱ እንበል። ቀጠሮ የተራዘመበት ወገን ፍርዱን ይጠብቃል። ፍርድ ሳይሰጥ በሬዎቹን ለባላጋራው እንዲያስረክብ የታዘዘ ግን ነቀምቴ ለሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወዲያው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የእርሻው ወቅት ፍርድ አይጠብቅምና።

በወንጀል ጉዳይም በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል።