ቅርንፉድ በብልቃጥ ሲመጣ

የማስተርስ ተማሪ እያለሁ፣ ፈተና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥርሴን አመመኝ። ኢንሹራንሴ ጥርስ አይሸፍንም። እናቴ በስልክ «አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ንከስበት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነኝ ብዬ የቅርንፉድ ዘይት ገዛሁ፤ ምንም ሳልቀላቅል በጥጥ ነክሬ ድዴ ላይ አደረግኩት። ሕመሙ ደነዘዘልኝ። ጠዋት ግን ድዴ ነጭ ሆኖ ተልጦ አገኘሁት።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቅርንፉድ ማለት ሳይፈነዳ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። የትውልድ አገሩ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኙት የማሉኩ ደሴቶች ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግዱን ብቻውን ለመያዝ ሲል ምርቱን በአምቦን አካባቢ ወስኖ፣ በሌሎቹ ደሴቶች ያሉትን ዛፎች አስቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1770 ፈረንሳዊው ፒየር ፑዋቭር ችግኙን በድብቅ አስወጥቶ ሞሪሺየስ አደረሰው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የኦማን ሱልጣኖች ዛንዚባር ላይ በባሪያ ጉልበት ሰፋፊ እርሻ ዘረጉ። ስሙም ከዐረብኛው «ቀረንፉል» ጋር ዘመድ ነው፤ ዐረብ አገር ያላችሁ ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ዘይቱ የሚወጣው በእንፋሎት ነው። አብዛኛው ክፍሉ፣ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 90 በመቶው፣ ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዩጂኖል ሕመም ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ እናቴ ልክ ነበረች። የተሳሳትኩት መጠኑን ነው። አንዲት 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ለመሙላት ከ50 ግራም በላይ የደረቀ ቅርንፉድ ያስፈልጋል። እኔ ግን አንድ ፍሬ እንደነከስኩ ነበር የቆጠርኩት። በሥራችን አንድ ዜሮ ሲሳሳት ምን እንደሚከተል እያወቅኩ!

«አሮማቴራፒ» የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሬኔ ሞሪስ ጋተፎሴ ሲሆን፣ በዚህ ስም መጽሐፍ ያሳተመው በ1937 ነው። በዚህ ዘርፍ የቅርንፉድ ዘይት ቤት ለማጠን፣ እንዲሁም በሌላ ዘይት ቀጥኖ ለማሸት ይውላል። ቆዳ ላይ የሚመከረው ጣሪያ 0.5 በመቶ ነው፤ ማለትም በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ውስጥ ሦስት ጠብታ ገደማ። ሽታው መንፈስን ሊያነቃቃ ይችላል፤ በሽታ ያድናል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆች ያላችሁ ደግሞ ብልቃጡን ቆልፉበት። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የጠጣ ሕፃን ጉበቱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

እኔ በመጨረሻ የሄድኩት ተማሪዎች በመምህር ክትትል በቅናሽ ወደሚያክሙበት የጥርስ ክሊኒክ ነው። ጥርሴ ውስጡ ተበልቶ ነበር፤ ዘይቱ ሕመሙን ደበቀልኝ እንጂ አላዳነኝም። የጥርስ ሕክምና ውድ ነው ብላችሁ በብልቃጥ የምትሰነብቱ ካላችሁ፣ በምትኖሩበት ከተማ እንዲህ ያለ ክሊኒክ መኖሩን ጠይቁ።

ብልቃጡን ግን አልጣልኩትም። በብርድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጠብታ ውኃ ውስጥ ጨምሬ ሳተነው፣ ቤቱ የእናቴን ሻይ ይሸታል። ለዚህ ለዚህስ ይበቃኛል።