የሱፍ ጨርቅ፦ ምቾቱና መልኩ ከየት ይመጣል?

የሱፍ ጨርቅ ምቾትና መልክ በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በበጉ ፀጉር፣ በአፈታተሉ፣ በአሸማመኑና ከሽመና በኋላ በሚታሽበት መንገድ።

የፀጉሩ ውፍረት በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ይለካል። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ዘለላ ጫፉ ቆዳ ሲነካ ስለማይታጠፍ ይወጋል፣ ያሳክካልም። ከ25 ማይክሮን በታች የሆነው የሜሪኖ በግ ፀጉር ግን ለገላ ይለሰልሳል። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ በመሆኑ ከላይ ለሚደረብ በርኖስና ለዝተት እንጂ ገላን ለሚነካ ልብስ አይመችም።

ፀጉሩ ተባዝቶ ብቻ ሲፈተል አጭሩና ረጅሙ ዘለላ በየአቅጣጫው ይጠላለፋል፤ ክሩም ያብጣል። በመካከሉ የሚቀረው አየር የሰውነትን ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ የጨርቁ ገጽም ፀጉራም ይሆናል። የስኮትላንዱ ትዊድ የሚሠራው እንዲህ ባለ ክር ነው። አጭሩ በማበጠሪያ ተለይቶ ረጅሙ ብቻ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ሲፈተል ግን ክሩ ቀጭንና ልሙጥ ይወጣል። ከእሱ የሚሸመነው የሙሉ ልብስ ጨርቅ ወዝ አለው፤ የተተኮሰበትን መስመርም አይለቅም።

የክሩ መክረርም ለውጥ ያመጣል። ላላ ብሎ የተፈተለ ክር ለእጅ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ሲፋተግ ዘለላዎቹ ወጥተው ይድበለበላሉ። በደንብ የከረረ ክር ጨርቁ ሲጨማደድ መልሶ ይዘረጋዋል፤ እምቅ በመሆኑም በክሮቹ መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ ለሞቃት አየር ይመረጣል።

በተራው ሽመና ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ያልፋል። መቆላለፊያው ስለሚበዛ ክሮቹ እንደ ልብ አይጠጋጉም፤ ጨርቁ ደረቅ ያለና ነፋሻ ይሆናል። በሰያፍ ሽመና ግን ማጉ ሁለት ሁለት ድር ይዘላል፤ በየረድፉም አንድ ድር ወደ ጎን ስለሚሻገር በገጹ ላይ የተንጋደደ መስመር ይታያል። ክሮቹ ይበልጥ ስለሚጠጋጉ ጨርቁ ክብደት ኖሮትም በሰውነት ላይ ተመችቶ ይወርዳል። ቶማስ በርበሪ በ1879 እ.ኤ.አ. የሠራው ጋባርዲን ዝናብ የሚከላከለው በዚህ ጥብቀትና ክሩ ከመሸመኑ በፊት ውሃ እንዳያስገባ በመዘጋጀቱ ነበር።

የተሸመነው ጨርቅ በሞቀ የሳሙና ውሃ ሲታሽ የፀጉሩ ጥቃቅን ቅርፊቶች ይያያዛሉ። ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይሞቃል፤ የሽመናው መስመርም ይደበዝዛል። ፍላኔል የሚባለው ጨርቅ ለስላሳ ገጹን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ገዢም ይህን ሱቅ ውስጥ መለየት ይችላል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት የሽመናውን ክፍተት፣ ጨብጦ መልቀቅ ደግሞ የክሩን መክረር ያሳያል።