ቆቦ ሳይዘንብ ጎርፍ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ስለ ከተማችን ስለ ቆቦ አቀርብላችኋለሁ።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ አለ። እኛ መሀል ሜዳው ላይ ነን። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ስትሆን ደጋው ግን ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። መሬት 1,000 ሜትር ከፍ ሲል ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ ነው እኛ በሙቀት ስንቃጠል እዛ ጋቢ የሚለበሰው።

ዋናው ዝናባችን ሐምሌና ነሐሴ ነው። በልግ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በ1977ቱ ድርቅ በወሎ ብዙ ሕዝብ አልቋል።

ደጋው ላይ ሲዘንብ ውሃው ቁልቁል ወርዶ በሆርማትና በጎሊና ይመጣል። እዚህ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይደርሳል! ገበሬዎቻችን ጎርፉን ጠልፈው ማሳ ያስገቡታል፤ ማሽላችን ውሃም ለም አፈርም ያገኛል። ያው ጎርፍ ግን ሰውና ከብት ይወስዳል።

እኔና ጓደኞቼ አምና ደረቁ አሸዋ ላይ ስንጫወት ድምፁን ሰምተን ሮጥን። ኳሳችን ተወሰደች፣ እኛ ተረፍን። ስለዚህ ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ምዕራብ እዩ፤ ተራራው ከጠቆረ አትግቡ።