ወደብ አላት፣ እርሻ የላትም

ማዳበሪያ ስትገዙ ጆንያው በየት በኩል እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 23 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ከፈረንሳይ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው።

መርከብ የሚያራግፍበት አገር ነጋዴው ሁሉ ሀብታም ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እስቲ እዚያ ዳቦ ቤት ሊከፍት የተነሳ ሰው እናስብ።

ዱቄቱ ከውጭ ይመጣል። አገሩ በረሃ ነው፤ የሚታረስ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ሽንኩርትና ቲማቲም እንኳ ከእኛ አገር በመኪና ይሄዳል። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ጨው ይበዛበታል፤ ስለዚህ ከኢትዮጵያ ውሃ በቧንቧ ይሄዳል። መብራቱስ? ቀድሞ የሚመጣው ነዳጅ ከሚያቃጥል ሞተር ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ በመስመር ይገባል። ቢሆንም ዋጋው ለትንሽ ነጋዴ አሁንም ይከብዳል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ያለ ማቀዝቀዣ ወተት አይውል አያድርም።

ዳቦውን ጋገረ እንበል። ለማን ይሽጠው? ገዢው ጥቂት ነው፤ ሥራ የሌለውም ብዙ ነው። ወደቡ ገንዘብ ያስገባል እንጂ ኮንቴይነር የሚያነሳው ክሬን ነው፤ ብዙ ሰው አይቀጥርም።

ለጎረቤት ይሽጥ ብትሉም ሌላ ጣጣ አለ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር 177 የጅቡቲ ፍራንክ ከጥቂት ሳንቲም ነው፤ አይወጣም አይወርድም። ይህ ለአስመጪ ደግ ነው፤ የነገውን ዋጋ ያውቃላ! ለአምራች ግን አይመችም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ሲወርድ የጅቡቲ ዕቃ ለእኛ ይበልጥ ውድ ሆነ።

ትልቁ ሥጋት ግን አንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠል ነው። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ በአሰብ ይገባ የነበረው ዕቃችን ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወደቡም በዚህ አደገ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር ስምምነት ስትፈራረም ጅቡቲ ደነገጠች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ «የታጁራን ወደብ እናንተ አስተዳድሩት» የሚል ሐሳብ ይዛ መጣች።