ምሬት እንዴት ይመዘናል? የአምበር ቢራ መመዘኛና የአዊ ጠላ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳንግላንና እንጅባራን የሚያቋርጥ መንገደኛ ከአንዳንድ ቤቶች ደጃፍ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ተሰቅሎ ሊመለከት ይችላል። ምልክቱ በቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ጠላ መኖሩን ያበስራል። ጠላው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አይናገርም። እህሉ ዳጉሳ ይሁን ገብስ፣ ጌሾው ይብዛ ይነስ፣ ጋኑ በወይራ ይታጠን አይታጠን የሚታወቀው ሲቀመስ ብቻ ነው። ቀማሹ የሰጠው ፍርድም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቃል ከመተላለፍ አልፎ በጽሑፍ ሲሰፍር አይታይም።

በቢራ ዘርፍ ሁኔታው ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም አንድን ብርጭቆ ቢራ ከ50 ነጥብ የሚመዝን ቅጽ አዘጋጅቶ በሥራ ላይ አውሏል። በቅጹ መሠረት ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት ደግሞ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከ45 በላይ ያገኘ ቢራ የላቀ ተብሎ ሲመደብ፣ ከ14 በታች ያገኘው ከባድ ችግር ያለበት ተደርጎ ይወሰዳል። መልክ ከ50 ውስጥ 3 ነጥብ ብቻ የተመደበለት መሆኑ ዓይን ከምላስና ከአፍንጫ ቀድሞ እንዳይፈርድ ታስቦ ይመስላል።

የቅጹን አሠራር ለመረዳት ከሚያመቹት የቢራ ዓይነቶች አንዱ ምሬቱና የሆፕስ መዓዛው ጎላ ያለው አምበር ቢራ ነው። ይህ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂዎች እጅ የተስፋፋ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው ከቀለሙ ነው። ቀለሙ ከወርቃማ ጠቆር፣ ከቡናማ ፈካ ያለ ቀይ ዳማ ነው። ይህን ቀለምና የተቃጠለ ስኳር የሚመስለውን ጣዕም የሚያገኘው እርጥብ እንዳለ ተሞቆ ከተቆላ የገብስ ብቅል ነው። የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ4 ነጥብ 5 እስከ 6 ነጥብ 2 በመቶ ይደርሳል። ዋናው ፈተና የብቅሉን ጣፋጭነትና የሆፕሱን ምሬት አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ማስማማት ነው።

በአገራችን ገበያ ይህ ዓይነቱ ቢራ ብዙም አይዘወተርም። እ.ኤ.አ. በ1922 ከተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ ጀምሮ በጎንደር እስከተቋቋመው ዳሽን ድረስ ያሉት ፋብሪካዎች በዋናነት የሚታወቁት ፈካ ባለውና ቀለል ባለው የላገር ቢራ ነው። ይሁን እንጂ አምበር የሚል ስያሜ ያለው ቢራ በአገር ውስጥ ተመርቶ ለገበያ ቀርቦ ያውቃል። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢም ጋርደን ብሮይ በሚል ስም ፈካ ያለና ጥቁር ቢራ በራሱ ቤት ጠምቆ በማቅረብ የታወቀ ቢራ ቤት ነበር።

አምበር ቢራን የሚቀምስ ዳኛ በቅድሚያ ብርጭቆው ቅባትና የሳሙና ቅሪት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቅባት አረፋን ያጠፋልና። ቢራው በረዶ መሆን የለበትም። እጅግ የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን ይደብቃል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሆን ቅዝቃዜ በቂ ነው። የእንጅባራ ሌሊት ማቀዝቀዣ ሳያስፈልግ ለዚህ የሚቀርብ ሙቀት ይሰጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም ቢራው ተቀድቶ አረፋው ገና ሳይወርድ ይሸተታል፤ መዓዛ ቶሎ የሚበን በመሆኑ መልክን ከመመልከት ይቀድማል። ከመልካም አምበር የብርቱካን ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ ወይም የአበባ ሽታ ይጠበቃል፤ ይህ የሆፕሱ ድርሻ ነው። ከሥሩም የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ሊኖር ይገባል፤ ያ ደግሞ የብቅሉ ነው።

ቀጥሎ አንድ ጉንጭ ተወስዶ በአፍ ውስጥ ይገላበጣል። ወይን ቀማሾች የቀመሱትን ይተፋሉ፤ ቢራ ቀማሽ ግን ጥቂትም ቢሆን ይውጣል፤ ምሬቱ ጎልቶ የሚሰማው፣ የሚቆይበት ጊዜም የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። መልካም ምሬት መጥቶ ይቆያል፣ ከዚያም ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። መጥፎው ምላስን አድርቆ ጉሮሮን ይይዛል። ዳኛው እንከንንም ይፈልጋል፦ የቅቤ ሽታ መፍላቱ በአግባቡ እንዳልተጠናቀቀ፣ የእርጥብ ካርቶን ሽታ አየር እንደገባበትና እንዳረጀ፣ የሚከረፋ ሽታ ደግሞ ብርሃን እንዳገኘው ያመለክታሉ። የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። የሆፕስ መዓዛ በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አምበር ከጠማቂው ደጃፍ ከተቀዳው ጋር እኩል ሊመዘን አይችልም።

የምሬቱ ምንጭ የሆነው ሆፕስ በአንዳንድ መዝገበ ቃላት «ጌሾ» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ አገልግሎታቸውን ያመሳስል እንጂ ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ሆፕስ በእንጨት ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ሲሆን ለጠመቃ የሚውለው አበባው ነው። በደንብ ለማደግና ለማበብ በቀን ከ15 ሰዓት የማያንስ ብርሃን የሚገኝበትን ወቅት ስለሚፈልግ በጀርመን፣ በቼክና በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በስፋት ይለማል። በአዊ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። በመሆኑም የኢትዮጵያ ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕስን ከውጭ ያስገባሉ። ጌሾ በአንጻሩ በጓሮ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ለጠላ የሚውለውም ቅጠሉና እንጨቱ ነው። የጌሾ ቅጠልን መራራ የሚያደርገውን ውህድ የኢትዮጵያ ኬሚስቶች ለይተው «ጌሾይዲን» የሚል ስም በመስጠት እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት አሳትመዋል።

በአሠራርም ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የሆፕስ ምሬት በቀዝቃዛ ውሃ አይወጣም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል መፍላት አለበት። በሙቀቱ ኃይል በአበባው ውስጥ ያለው አሲድ ቅርጹን ለውጦ በውሃ የሚሟሟና መራራ ይሆናል። እዚህ ላይ የአዊ ደጋ የራሱን ጥያቄ ያነሳል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት የሆፕሱ አሲድ የሚለወጥበት ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ጠረፍ የመጣን የአምበር አሠራር እንዳለ ወስዶ በእንጅባራ የሚጠምቅ ሰው ምሬቱ ጎድሎ ያገኘዋል፤ ወይ የማፍያ ጊዜውን ማርዘም ወይም ሆፕሱን መጨመር ይኖርበታል። ዝቅ ብላ በምትገኘው ዳንግላ ችግሩ በመጠኑ ይቀላል። ጌሾ ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ደርቆ የተወቀጠው ቅጠል በቀዝቃዛ ውሃ ተጠንስሶ ሲቆይ ምሬቱን ያለ እሳት ይሰጣል። ብቅሉና ቂጣው የሚጨመሩት፣ እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ የሚሆነውም ከዚህ በኋላ ነው።

የቢራን ምሬት በቁጥር የሚለካ ዓለም አቀፍ መለኪያም አለ፤ ለአምበር የተለመደው ከ25 እስከ 40 ነው። ነገር ግን መሣሪያው የተሠራው የሆፕስን ውህድ በብርሃን ለመለካት ነው። ጠላ በዚሁ መሣሪያ ቢለካ የሚወጣው ቁጥር የጌሾን ምሬት አይወክልም። ለአንድ ተክል የተበጀ ሚዛን ሌላውን ተክል ቀሊል አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

የነጥብ ቅጹም ከዚህ የተለየ ዕድል አይገጥመውም። በሚገባ የተጠመቀ፣ በወይራ በታጠነ ጋን የቆየ የዳጉሳ ጠላ በአምበር ቢራ ቅጽ ቢመዘን ምን ያገኛል? እንደዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት፣ ደፍረስ በማለቱ ከመልክ 3 ነጥብ 1 ያገኛል። ጢስ በአምበር ቢራ እንከን በመሆኑና የሆፕስ መዓዛ ስለማይገኝበት ከሽታ 12 ውስጥ 4 ይሰጠዋል። ምሬቱ ቢመሰገንም ጥቂት ኮምጠጥ ስለሚል ከጣዕም 20 ውስጥ 8፣ ጋዙ አነስተኛ በመሆኑ ከአፍ ስሜት 5 ውስጥ 2፣ በአጠቃላይ ግምት ደግሞ ከ10 ውስጥ 4 ያገኛል። ድምሩ 19 ሲሆን «ደካማ» ከሚባለው ምድብ ይወድቃል። ይሁንና ያ ጠላ በሠርግ ቤት ቢቀርብ ባለቤቷን የሚያስመሰግን ነው። ጉድለቱ ከጠላው ሳይሆን ከቅጹ ነው። በጀርመን ባምበርግ ከተማ በጢስ በደረቀ ብቅል የሚጠመቅ ቢራ የራሱ መመዘኛ ተሰጥቶት ይከበራል፤ የጢስ ሽታም በዚያ ነጥብ ያስገኛል እንጂ አያስቀንስም።

ለጠላ የራሱ ቅጽ ቢዘጋጅ ቃላቱ ከወዲሁ አሉ። ባልትና የሚያውቁ እናቶች ጉሽ፣ ቅራሪ፣ የቀጠነ፣ የሆመጠጠ፣ ጌሾ የበዛበት፣ ጢስ ጢስ የሚል እያሉ የሚለዩት ሁሉ በነጥብ ሊቀመጥ የሚችል ነው። ቀድቶ ማቅረቡም ቢሆን ሥርዓት አለው። በቀደመው ልማድ የምታስተናግደው ሴት ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ልማዱ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት ቢሆንም፣ ያልተበላሸ መሆኑንም በዚያው ታረጋግጣለች።

ጉዳዩ ከቀማሾች ጨዋታ ያለፈ ነው። ጠላ መሸጥ በአነስተኛ ከተሞች የብዙ ሴቶች የገቢ ምንጭ መሆኑ ይታወቃል። እህሏን መርጣ፣ ጌሾዋን ሳትቆጥብ፣ ድፍድፉን ጊዜ ሰጥታ ያዘጋጀችው ሴት እና በውሃ ያቀጠነ ቅራሪ ያቀረበችው ሴት በአንድ ጣሳ የሚያገኙት ዋጋ ብዙውን ጊዜ እኩል ነው። ገዢው ልዩነቱን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። የአልኮል መጠኑም ቢሆን ከ2 እስከ 6 በመቶ ሊለያይ የሚችል ሆኖ ሳለ በጣሳው ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ጠጪው ምን ያህል እንደወሰደ አያውቅም። በሕግ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የአልኮል መጠጥ መሸጥ መከልከሉም ሊዘነጋ አይገባም።

ሥራውን ለመጀመር ውድ ቤተ ሙከራ የግድ አይደለም። አንድ ዓይነት ደረቅ የጌሾ ቅጠል በ5፣ በ10 እና በ20 ግራም ተመዝኖ በየአንድ ሊትር ውሃ ለአንድ ቀን ቢዘፈዘፍ ሦስት የምሬት ደረጃዎች ይገኛሉ። ቀማሾች እነዚህን በጥቂቱ በምላሳቸው ነክተው ከለመዱ በኋላ የቀረበላቸው ጠላ ለየትኛው እንደሚቀርብ መናገር ይችላሉ። ማን እንደጠመቀው እንዳይታወቅ ጣሳዎቹ በቁጥር ይለያሉ፤ ከሽታው 12 ነጥብ 4ቱ ለወይራው ጢስ ይያዛል፤ ከመልኩ 3 ነጥብ ግን ለመደፍረሱ ምንም አይቀነስም።