ብርቱካን የማያልፍበት ኬላ

የሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ከአሜሪካ ድንበር ጀምራ ወደ ደቡብ የምትወርድ ቀጭንና ረጅም ምድር ናት። በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ የኮርቴዝ ባሕር ያዋስኗታል። ከቲዋና ተነስቶ ጫፏ ላይ እስካለችው ካቦ ሳን ሉካስ የሚደርሰው አውራ ጎዳና 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ተሠርቶ ያለቀው በ1973 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመንገዱ እኩሌታ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጌሬሮ ኔግሮ ከምትባለው የጨው ከተማ አፍ ላይ፣ 28ኛው የኬክሮስ መስመር ያልፋል። ሰሜኑና ደቡቡ ክፍለ ግዛት የሚለያዩትም እዚያ ነው። ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ሁሉ በዚህ ቦታ ላይ ባለው የእርሻ ኬላ ስንቁን ከፍቶ ያሳያል።

እኔ የምኖረው ሳን ዲዬጎ ነው፤ እንጀራዬም ለሠርግና ለክርስትና ምግብ ማዘጋጀት ነው። ጉዞ ሲታሰብ ታዲያ ከመኪናው ዘይትና ጎማ በፊት ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ስንቁ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችበት ወቅት ሁዳዴ ነበር። ግራጫዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ከአርክቲክ ተነስተው ጌሬሮ ኔግሮ አጠገብ ባለው የኦሆ ዴ ሊዬብሬ የባሕር ወሽመጥ ልጆቻቸውን የሚወልዱትና የሚያሳድጉትም በዚሁ ወራት ነው። ይህን ስነግራት «ዮናስን የዋጠውን ሳላይማ አልመለስም» አለች፤ የጉዞው ቀን ተቆረጠ።

ጾመኛ ይዞ በዚያ መንገድ መሄድ ቀላል አይደለም። በየመንገዱ የሚሸጠው ምግብ የሚጣፍጥ ነው፤ ነገር ግን ወይ ዓሣ ነው፣ ወይ ሥጋ ነው፣ ወይ አይብ ተነስንሶበታል። ባቄላው እንኳ ብዙ ቦታ በአሳማ ጮማ ይጠበሳል። እናቴ ዓሣም አትበላ፣ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስ። ስለዚህ እንጀራ፣ ስልጆ፣ ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ቆሎ ያዝን። እሷ በበኩሏ ጎረቤቴ ከጓሮዋ ለቅማ የሰጠቻትን አንድ ፌስታል ብርቱካንና ጥቂት ዘይቱን ጨመረችበት። ፍራፍሬው ኬላው ላይ እንደሚወሰድ ነገርኳት፤ «እስኪወስዱት ድረስ የኛ ነው» ብላ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጎዳና ላይ ወታደሮች የሚቆሙባቸው ኬላዎችም አሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ጦር መሣሪያና አደንዛዥ ዕፅ ስለሆነ ብርቱካን ቢያዩም ግድ የላቸውም። ወታደሩ ስላሳለፈው የእርሻ ኬላውም ያሳልፈዋል ብሎ ማሰብ አይገባም። የእርሻው ሥራ ሴናሲካ በሚባለው የሜክሲኮ የግብርና ጤና መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ሌላ ሥራ ነው፤ ትኩረቱም ፍራፍሬው ውስጥ ያለው ነገር ላይ ነው።

ሳን ኪንቲን አድረን በማለዳ ተነሳን። ካታቪኛ የሚባለውን የድንጋይና የቁልቋል በረሃ አቋርጠን ኬላው ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ገና ሰባት ነበር። አንዲት መለዮ የለበሰች ወጣት ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ «ፍሩታስ?» (ፍራፍሬ አለ?) አለች። የበረዶ ሳጥኑን ከፈትኩላት። እንጀራውን ጫፉን ገልጣ አየችው፤ ስልጆውን አሸተተችና ፈገግ አለች፤ ቆሎውንና ሽሮውን አለፈቻቸው። ከዚያ ዓይኗ እናቴ እግር ሥር ያለው ፌስታል ላይ አረፈ።

«የጾመኛ ማፍጠሪያ ይወሰዳል እንዴ፣ ልጄ?» አለች እናቴ በአማርኛ። ወጣቷ ቃሉን ባትረዳም ድምፁን ተረድታዋለች መሰለኝ፣ «ሴኞራ» እያለች በአክብሮት ወደ ግድግዳው አመለከተቻት። ጎልቶ የተሳለ የዝንብ ሥዕል ተለጥፏል። ክንፏ ቢጫና ቡናማ መስመር ያለው፣ ከቤት ዝንብ የምታንስ ፍጥረት ናት። ከጎኗ ለሁለት የተከፈለ ፍሬ፣ በውስጡም ነጭ ትል ይታያል። እናቴ ሥዕሉን ቀረብ ብላ አየችው። ዝም ብላ ፌስታሉን አነሳችና ሰጠቻት። ለምን እንዲያ ቶሎ እንደተሸነፈች ያወቅሁት ማታ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ዝንቧ የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ትባላለች፤ የዘር ምንጯ ግን የኛው አፍሪካ ነው። እንስቷ የፍሬውን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች። ከውጭ የሚታየው እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ነጥብ ብቻ ነው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ትሉ ሥጋውን እየበላ ያድጋል፤ ፍሬው ሲወድቅ አፈር ውስጥ ገብቶ ይለወጥና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ኮክ፣ ቡና ሳይቀር ከ250 በላይ ዓይነት ተክል ላይ መኖር ትችላለች። ሜክሲኮ የራሷ አገር በቀል የፍራፍሬ ዝንቦችም አሏት፤ ከሁሉ የሚታወቀው ማንጎና ብርቱካን የሚያጠቃው ነው። ደቡቡ ክፍለ ግዛት፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር፣ ከነዚህ ሁሉ ነጻ ነው ተብሎ የታወጀ ምድር ነው። ነጻ መሆኑ የወግ ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ ገበሬው ፍሬውን በመድኃኒትና በሙቀት ማከሚያ ሳያሳልፍ ውጭ አገር ለመሸጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬላውን ያስቆመው የቦታው አቀማመጥ ነው። ባሃ ሱርን በሦስት በኩል ባሕር ይከባታል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረሃ አለ። ዝንብ በራሷ ክንፍ ያን በረሃ አቋርጣ አትደርስም፤ በመንገድ ላይ የምታርፍበት ፍሬ፣ የምትጠጣው ውኃ የለም። ነገር ግን ሰው ፌስታል ውስጥ ባለ ብርቱካን ይዟት ከተሳፈረ፣ ተፈጥሮ ያጠረውን በረሃ በአንድ ቀን ታልፈዋለች። በየብስ በኩል አጥሩ ላይ ያለው ቀዳዳ አስፋልቱ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ የቆሙትም እዚያ ቀዳዳ ላይ ነው። መኪናው ራሱ ሳይቀር ከሥሩ መድኃኒት ይረጫል፤ መስኮት ዘግቶ፣ ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ማለፍ ነው።

አንድ ፌስታል ብርቱካን ይህን ያህል ያስፈራል ወይ? ያስፈራል። ይህችው ዝንብ በ1955 ኮስታ ሪካ ታየች፤ ከዚያ አገር ላገር እየተሻገረች በ1977 የሜክሲኮን ደቡብ ጫፍ፣ ቺያፓስን ረገጠች። ሜክሲኮ ከአሜሪካና ከጓቴማላ ጋር ሆና በ1979 ሜታፓ በምትባል ከተማ የዝንብ ማራቢያ ፋብሪካ ከፈተች። ፋብሪካው ያረባቸው ዝንቦች በጨረር እየመከኑ ከአውሮፕላን ይበተኑ ነበር። እንስቷ ከመካን ወንድ ጋር ስትገናኝ እንቁላሏ አይፈለፈልም፤ ትውልዱ ይመናመናል። በ1982 ሜክሲኮ ዝንቧን ከምድሯ አጠፋች። ግን መጠበቁን አላቆመችም፤ በ2021 በሳምንት እስከ 1 ቢሊዮን መካን ዝንብ ማምረት የሚችል አዲስ ፋብሪካ እዚያው ሜታፓ ከፈተች። በዚያው ዓመት ዝንቧ ማንሳኒዮ በምትባለው የወደብ ከተማ ድንገት ብቅ አለችና እንደገና ዘመቻ ተጀመረ።

ዘዴው ለኛም እንግዳ አይደለም። ከብቶቻችንን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰውን የቆላ ዝንብ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት ቃሊቲ ላይ የቆመው ማዕከል የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ወንዱን አርብቶ፣ በጨረር አምክኖ፣ ሸለቆው ላይ መልቀቅ።

የእኔዋ ካሊፎርኒያም ቀምሳዋለች። በ1980 ዝንቧ ሳን ሆዜ አካባቢ ተገኘች። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ሄሊኮፕተሮች በሰው መኖሪያ ላይ በሌሊት ማላታዮን የሚባለውን መድኃኒት ይረጩ ጀመር። ሕዝቡ እጅግ ፈራ። ቢ. ቲ. ኮሊንስ የሚባል የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣን መድኃኒቱ በርጭቱ መጠን ሰው እንደማይጎዳ ለማሳየት፣ የተበረዘ ማላታዮን በብርጭቆ ይዞ በጋዜጠኞች ፊት ጠጣ። እኔ ይህን ሳስብ የሚታየኝ የሰውየው ድፍረት አይደለም፤ ልጆቻቸውን ይዘው መስኮት የዘጉት እናቶች ናቸው። ኬላ ላይ አንድ ፌስታል ማስረከብ ከዚያ ሁሉ ይቀላል።

ከጓሮ የተለቀመ ብርቱካን ደግሞ ከገበያው የባሰ ነው። ለገበያ የሚቀርበው ታጥቦ፣ ተመርጦ፣ ተቆጣጣሪ አይቶት ነው የሚወጣው፤ የጓሮውን ማንም አላየውም። ቅጠል ከተንጠለጠለበትማ ሌላ ጣጣ አለ። የብርቱካንና የሎሚ ዛፍ የሚያደርቅ፣ የሜክሲኮ ገበሬዎች «ቢጫው ዘንዶ» የሚሉት በሽታ አለ፤ የምታዛምተው ቅጠል ላይ የምትኖር ደቃቅ ነፍሳት ናት። የታመመው ዛፍ ፍሬው አረንጓዴና መራራ ሆኖ ይረግፋል፤ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። በሽታው በ2005 ፍሎሪዳ ገባ፣ በ2009 ሜክሲኮ። ፍሎሪዳ በ2003 እና 2004 የምርት ዘመን 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን ለቅማ ነበር፤ በ2022 እና 2023 ዘመን ግን 20 ሚሊዮን እንኳ አልሞላላትም። አውሎ ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን በሽታው ነው።

ማታ ጌሬሮ ኔግሮ ባረፍንበት ቤት እናቴ ለምን ብርቱካኑን ሳትከራከር እንደሰጠች ጠየቅኋት። «ያንን ትል አውቀዋለሁ» አለችኝ። የእሷ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ማንጎ ነበረው። ከእስያ የመጣው ሌላው የፍራፍሬ ዝንብ በ2003 ኬንያ ከታየ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ እኛ አገር ተሻግሯል። የአጎቴ ማንጎ ከውጭ ሲያዩት የሚያማምር፣ ቢላ ሲያርፍበት ግን ውስጡ የሚርመሰመስ ሆነ። ነጋዴው አንዱን ቆርጦ ያይና ጆንያውን ሙሉ ትቶት ይሄዳል። እናቴ እንደነገረችኝ አጎቴ በመጨረሻ የወደቀውን እየለቀመ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብር ነበር፤ ያ ደግሞ ባለሙያዎች የሚመክሩት ትክክለኛ ነገር ነው፤ ግን ጎረቤት ሁሉ ካልቀበረ የአንድ ሰው ድካም ዋጋ የለውም። በ2010 ደግሞ ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነጩ የማንጎ ተባይ ተገኘ፤ ከውጭ ከገባ ችግኝ ጋር እንደመጣ ይታመናል። በአገራችን መንገድ ላይ ለኮንትሮባንድ የሚቆም ኬላ አለ፤ ለችግኝና ለፍራፍሬም በየክልሉ መግቢያ እንዲህ ያለ ጠንካራ ኬላ ቢኖር የአጎቴ ዓይነት ስንት ሰው ይተርፍ ነበር እላለሁ።

ለመንገደኛ የምመክረው ይህ ነው። የበሰለ፣ የተቆላ፣ የደረቀ፣ የታሸገ ነገር ይያዝ፤ የኛ የጾም ስንቅ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ፍሬ ካማረዎት ሰሜኑ ላይ ገዝተው ከበረሃው በፊት ይጨርሱት። ጾመኛ ከያዙ ደግሞ የማፍጠሪያ ሰዓቱንና የኬላውን ርቀት አስቀድመው ያሰሉ፤ እኛ ሁለት ሰዓት ቀድመን ደርሰናል። የሚከለከለው ዝርዝር እንደየወቅቱና እንደየመነሻው ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት መጠየቅ አይከፋም። ልጣጩንና ፍሬውን በረሃ ላይ መጣል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ዝንቧ የምትፈልገው ያንኑ ነው።

ከኬላው ወዲያ ማዶ ረሃብ የለም። በ1728 የተመሠረተው የሳን ኢግናሲዮ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን በቴምር ዛፎች መካከል ቆሟል። ወደ ታች ሲወረድ ሲዩዳድ ኮንስቲቱሲዮን ዙሪያ ያለው ሜዳ ብርቱካን ያበቅላል፤ ቶዶስ ሳንቶስ ደግሞ በማንጎዋ ትታወቃለች። እናቴ ዓሣ ነባሪዋን ከነልጇ ካየች በኋላ መንገድ ዳር ቆመን የዚያኑ ምድር ብርቱካን ገዛሁላት። ከመላጧ በፊት አገላብጣ ልጣጩን ነጥብ በነጥብ መረመረችው።

ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ሌላ ኬላ ይጠብቃል። ማንጎ፣ ዘይቱንና ብርቱካን ከሜክሲኮ ይዞ መግባት ለመንገደኛ የተከለከለ ነው፤ ባሃ ሱር ነጻ ምድር መሆኗም ሻንጣ ውስጥ ላለ ፍሬ አይሠራም። ሳን ኢሲድሮ ላይ መኮንኑ «ምግብ ይዘዋል?» ሲል ሁሉንም መናገር ነው። የተናገረ ሰው የተከለከለውን ፍሬ ብቻ አስረክቦ ያልፋል፤ የደበቀ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊቀጣ ይችላል።