ሥዕላዊ መጻሕፍትን ለሚሰበስብ ሰው የመዝገብ ፕሮግራም አመራረጥ

መጽሐፍን መሰብሰብ ትዕግሥትና ፍቅር የሚጠይቅ ትጋት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የተሰበሰበውን ለይቶ፣ ቈጥሮና ስሙን ጽፎ በመዝገብ ማስፈርም ከመሰብሰቡ የማያንስ ጥበብ ነው። በአዳማ ከተማና በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ በተሰለፉት በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ መጽሔትን፣ የልጆች መጽሐፍንና በዘመናችን «ኮሚክ» የሚባለውን ሥዕላዊ ታሪክ የሚያከማች ሰው ምን ምን እንዳለው በቃሉ ያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን በቃል ብቻ የታወቀ ሀብት ከባለቤቱ ዕድሜ የማያልፍ በመሆኑ፣ እርሱ ሲያልፍ ዋጋውን ያላወቀ ወራሽ ክምሩን በኪሎ አስመዝኖ ለሱቅ መጠቅለያ ይሸጠዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመከላከል የሚያገለግሉትን የኮምፒውተር መዝገብ ፕሮግራሞች ለአንባቢ ያስተዋውቃል፤ ከእነርሱም መካከል ለሀገራችን ስብስብ የሚስማማው በምን ሚዛን ተመዝኖ ሊመረጥ እንደሚገባው ያስረዳል።

መዝገብ ማዘጋጀት ከኮምፒውተር ጋር የመጣ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት የቤተ መቅደሱ መጻሕፍት፣ አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ሲጻፍ ኖሯል፤ የወንጌሉ ክብር ለዝርዝሩም ዋስትና ይሆነው ነበርና። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ በቱሉ ጉዶ ደሴት የሚገኘው የደብረ ጽዮን ገዳም፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዳ በዚያ እንዳረፈች በትውፊት የሚነገርለት፣ የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ ለዘመናችን ያደረሰ ስፍራ በመሆኑ፣ የስምጥ ሸለቆ ሰው መጽሐፍ መጠበቅን ከሩቅ አገር ይማር ዘንድ አያስፈልገውም። በቅርቡም ዘመን እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙና በየደብሩ ፎቶግራፍ ያነሣቸውን መጻሕፍት፣ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌና ባልደረባቸው ዊልያም ማኮምበር በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው መርምረው፣ 5,000 የሚሆኑትን በዐሥር ጥራዞች መዝግበዋቸዋል። ይህን የሠሩት ሊቃውንት አስቀድመው ያወቁት ነገር ስለ አንድ መጽሐፍ ምን ምን ሊጻፍ እንደሚገባው ነው፤ የቅጠሉን ብዛት፣ የውስጡን ይዘት፣ የጻፈውንና ያስጻፈውን ሰው ስም፣ ሥዕል ካለውም ሥዕሉን። ፕሮግራም የሚመርጥ ሰውም መጀመሪያ ይህን ጥያቄ ለራሱ ይመልስ፤ መሣሪያ የሚመረጠው ሥራው ከታወቀ በኋላ ነውና።

ሥዕልንና ቃልን አጣምሮ ታሪክ መተረክም ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተርታ በተከፈሉ ሣጥኖች፣ ብዙ ጊዜም በ44 ትዕይንቶች፣ እየተሣለና አጭር የአማርኛ መግለጫ እየተጻፈበት ሲሸጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ «ጀምበር» የተሰኘውን የኢትዮጵያዊ ጀግና ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ የቀድሞው ልማድ በዘመናዊ የኅትመት መልክ መጣ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዛሬው ሰብሳቢ መደርደሪያ የባሕር ማዶውን ኮሚክ፣ «ጀምበር»ን፣ የድሮዎቹን «መነን»ና «የካቲት» መጽሔቶች፣ ምናልባትም የ«አዲስ ዘመን»ን አሮጌ ቅጾች በአንድነት የያዘ ቢሆን አያስደንቅም።

የመዝገብ ፕሮግራም ማለት ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የታወቀውን ሁሉ በተወሰኑ ዐምዶች ከፋፍሎ የሚይዝ፣ በተጠየቀም ጊዜ በስም፣ በቁጥር፣ በዓመት ወይም በሠዓሊ አጣርቶ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። መልካም ፕሮግራም ሦስት ደረጃዎችን ይለያል። የመጀመሪያው ተከታታዩ ራሱ ነው፤ ይኸውም «ጀምበር» የሚለው ስም። ሁለተኛው እትሙ ነው፤ ቁጥር አንድ በአማርኛና ቁጥር አንድ በእንግሊዝኛ ሁለት ልዩ ልዩ እትሞች ስለ ሆኑ ሁለት መዝገብ ይገባቸዋል። ሦስተኛው በእጅ ያለው ቅጂ ነው፤ አንድ ሰው ከአንዱ እትም ሁለት ቅጂ ቢኖረው፣ አንዱ ሽፋኑ የተቀደደ፣ ሌላው ለወዳጁ ያዋሰው ሊሆን ይችላልና። እነዚህን ሦስት ደረጃዎች በአንድ መሥመር ጨፍልቆ የሚይዝ ፕሮግራም ለሃምሳ መጻሕፍት ቢበቃ፣ ስብስቡ ሲሰፋ ግን ባለቤቱን ግራ ያጋባዋል።

የመጀመሪያው ወገን ለኮሚክ ብቻ የተሠራው ነው፤ ከዚህም ወገን ስመ ጥር የሆኑት ፕሮግራሞች ሁለት ናቸው። ኮሚክቤዝ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሲሆን፣ ከዝርዝሩ ጋር የገበያ ዋጋን አያይዞ ያቀርባል። ሌላው በሆላንድ አገር በአምስተርዳም የሚሠራው ሲ.ኤል.ዚ. ኮሚክስ ሲሆን፣ በስልክ ካሜራ የሽፋኑን ባርኮድ አንብቦ የእትሙን ስም፣ ቁጥር፣ ደራሲና የሽፋን ሥዕል ከማእከላዊ መዝገቡ ራሱ ይሞላል፤ የሚከፈልበትም ነው። ከእነዚህ ጋር በነጻ የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረውንና ከአንድ ሚሊዮን በላይ እትሞችን የመዘገበውን ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ ማንሣት ይገባል፤ እርሱ የግል ስብስብ መያዣ ሳይሆን የዓለም ኮሚክ ማጣቀሻ ነው። የእነዚህ ሁሉ ኃይል አስቀድሞ በተዘጋጀ መዝገብ ላይ የቆመ ነው። በዚያ መዝገብ ያለው እትም በአንድ አፍታ ይገባል፤ በሀገራችን የታተመው የድሮ መጽሔት ግን ባርኮድም ሆነ በማእከላዊው መዝገብ የተዘጋጀ ስፍራ ስለሌለው፣ ባለቤቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ መጻፍ ይኖርበታል። እንግዲህ ገንዘብ የሚከፈልበት ዋና ጥቅም ለእኛ ስብስብ እኩሌታው ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለትንንሽ ኮምፒውተሮች ያዘጋጀው ሲ.ዲ.ኤስ. አይሲስ ያለ ክፍያ ይታደል ስለ ነበረ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች ታዳጊ አገሮች ለብዙ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው የኮምፒውተር መዝገብ ሆኗል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኮሃ፣ በኒው ዚላንድ ለሆሮወኑዋ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ፣ ማንም በነጻ ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው። ኮሃ መጻሕፍትን በዓለም አቀፍ ሥርዓት ይመዘግባል፤ ተዋሾችን ይቈጣጠራል፤ በተለይም በየጊዜው የሚወጡ መጽሔቶች የትኛው ቁጥር እንደ ደረሰና የትኛው እንደ ቀረ ይከታተላል። ይሁን እንጂ ሰርቨርና ባለሙያ የሚፈልግ በመሆኑ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንጂ ለአንድ ግለሰብ መኖሪያ ቤት ከባድ ሸክም ነው።

ሦስተኛው ወገን ቀላልና ነጻ የሆነው ነው። ቴሊኮ የተባለው ፕሮግራም በተለይ በሊኑክስ ኮምፒውተር የሚሠራ ሲሆን፣ ለኮሚክ መጻሕፍት የተዘጋጀ የራሱ ቅጽ አለው፤ ባለቤቱም የፈለገውን ዐምድ ሊጨምርበት ይችላል። ከሁሉ ይልቅ በየእጃችን የሚገኘው ኤክሴል ወይም ነጻው ሊብሬኦፊስ ካልክ እንኳ፣ አንዱ ገጽ ለእትም፣ ሌላው ገጽ ለቅጂ ከተከፈለ፣ ለብዙ መቶ መጻሕፍት የሚበቃ መዝገብ ይወጣዋል።

ከእነዚህ ወገኖች መካከል ለመምረጥ የሚያስፈልጉት ፈተናዎች አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከዓለም ጽሕፈቶች ጋር ስፍራ ስላገኘ፣ ዛሬ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች አማርኛን ያለ ችግር ይጽፋሉ፤ ከዚያ አስቀድሞ በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ዝርዝሮች ግን በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። መጻፉ ብቻም አይበቃም፤ ፍለጋው ይፈተን። አንዱ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም»፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ቃላት ስለሚቈጥራቸው፣ በሽፋኑ ላይ የታተመው እንዳለ በአንድ ዐምድ ተጽፎ፣ ለፍለጋ የሚሆነው አንድ ወጥ አጻጻፍ በሌላ ዐምድ እንዲገባ ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው የሰው ስም ነው። በምዕራባውያን ልማድ የተሠራ ፕሮግራም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ ሀዲስ ዓለማየሁን በአባታቸው በዓለማየሁ ስም ያሰልፋቸዋል። ታላላቅ የዓለም ቤተ መጻሕፍት እንኳ ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም ማስገባት ሥርዓት አድርገው ሳሉ፣ የገዛ መዝገባችን ይህን ቢያፋልስ ነውር ነው። ስምን ሳይከፍል በአንድ ዐምድ የሚቀበል ፕሮግራም ይመረጥ።

ሦስተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲወለድ በአውሮፓ አቈጣጠር ሰኔ 7 ቀን 1941 ነበር። በቀኑ ዐምድ 1933 ተብሎ ያለ ማብራሪያ ቢጻፍ፣ ፕሮግራሙ የአውሮፓ ዘመን መስሎት ከነጻነት በኋላ የተወለደውን ጋዜጣ ከጣልያን ወረራ ሁለት ዓመት በፊት የታተመ ያደርገዋል፤ ጳጉሜን የሚለውን ዐሥራ ሦስተኛ ወርማ ጨርሶ አይቀበለውም። መድኃኒቱ በሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ በአንድ ዐምድ መጻፍ፣ በሌላው ደግሞ ወደ አውሮፓ የተመለሰውን ዓመት ብቻ ለድርደራ ማስገባት ነው። ስለዚህ አዲስ ዐምድ መፍጠርን የሚከለክል ፕሮግራም ምንም ቢያምር ለእኛ አይሆንም።

አራተኛው በአዳማና በአካባቢዋ ይልቁን የሚያስፈልገው የሁለት ቋንቋና የሁለት ጽሕፈት ፈተና ነው። በኦሮምኛ የሚታተመው «በሪሳ» ጋዜጣ አስቀድሞ በግእዝ ፊደል፣ ኋላም በቁቤ የታተመ በመሆኑ፣ አንዱ ጋዜጣ በመዝገብ ላይ ሁለት ጋዜጣ መስሎ እንዳይታይ ሁለቱን አጻጻፎች ከአንድ ተከታታይ ጋር ማያያዝ የግድ ነው። ቋንቋ አንድ ዐምድ፣ ጽሕፈት ሌላ ዐምድ ይሁን። አባት በፊደል፣ ልጅ በቁቤ ቢፈልጉ፣ ሁለቱም ወደ አንድ መጽሐፍ ሊደርሱ ይገባል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የመውጫ ፈተና ነው። ፕሮግራም ይሸጣል፣ ይዘጋል፣ ባለቤቱ ይለወጣል፤ መዝገቡ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ መኖር አለበት። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሃያ ያህል መጻሕፍት አስገብቶ፣ ዝርዝሩን ሲ.ኤስ.ቪ. በሚባለው ግልጽ የፋይል ዓይነት አውጥቶ፣ በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ መመርመር ይገባል። ፊደሉ ሳይበላሽ ከወጣ መልካም ነው፤ ከተበላሸም ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ሥርዓት መቀመጡንና በዚያው መከፈቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ወዲያ ካልተስተካከለ ግን ፕሮግራሙን መተው ነው። መብራትና ኢንተርኔት በተቋረጡ ጊዜ የማይከፈት፣ ዝርዝሩን ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ብቻ የሚያኖር ፕሮግራምም በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ስለ መጽሐፉ ሁኔታ አንድ ቃል መጨመር ያሻል። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ከ0.5 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ የኮሚክን ንጽሕና ይመዝናሉ፤ ይህ ለገበያ የተሠራ ሚዛን ነው። ለእኛ ግን በርካሽ ወረቀት ላይ የታተመ መጽሔት በብርሃንና በሙቀት የሚቀላ፣ በምስጥም የሚበላ በመሆኑ፣ «ሽፋኑ የለም»፣ «ከገጽ 12 እስከ 16 ጎድሏል»፣ «ጠርዙን ምስጥ ነክቶታል» ብሎ በግልጽ መጻፍ ከነጥቡ ይልቅ ይጠቅማል፤ የቱ መጽሐፍ አስቀድሞ ሊጠገን ወይም ፎቶ ሊነሣ እንደሚገባው የሚናገረው ይህ ዐምድ ነውና።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ስብስቡ በአብዛኛው የባሕር ማዶ ኮሚክ ለሆነ ሰው ባርኮድ የሚያነበው ፕሮግራም ድካሙን ስለሚያቃልልለት፣ የአማርኛውንና የኦሮምኛውን በእጁ እየጨመረ ቢጠቀምበት ገንዘቡ ከንቱ አይሆንም። ለትምህርት ቤትና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮሃ ይበልጣል። የሀገር ውስጥ መጽሔትና ሥዕላዊ ታሪክ ለሚሰበስብ ግለሰብ ግን ባለ ሁለት ገጽ ኤክሴል ወይም ካልክ፣ ሊኑክስ ለሚያውቅም ቴሊኮ፣ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ፊደሉን፣ ስሙንና ዘመኑን እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ይይዛልና፣ ሲወጣም ሳይጎድል ይወጣልና።

አንባቢ ሆይ፣ ፍጹም የሆነ ፕሮግራም እስኪገኝ አትጠብቅ። ካሉህ መደርደሪያዎች አንዱን ዛሬ ጀምር፤ የጻፍኸውን በኮምፒውተርህ፣ በፍላሽና በሌላ ከተማ ባለ ዘመድህ ዘንድ በሦስት ስፍራ አኑረው፤ በየዓመቱም በወረቀት አትመህ ከመጻሕፍቱ ጋር አስቀምጥ፤ ወራሽህም የት እንዳለ ይወቅ።